ሰባት ቀለም ክር

ኩሪቲባ፣ ማርች 4 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ኤውፍሮሲና፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝዎ፤ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ከደጅዎ አይራቅ። መልኬን አይተውት አያውቁም። የእህትዎ የኦብዱሊያ ልጅ ኔሊዳ ነኝ። እናቴ ካረፈች አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አድራሻዎን አጥቼ ነው የዘገየሁት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እውነቱ ግን እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም።

የምሠራው እዚህ ብራዚል፣ በአንድ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሥራዬ ክሪሶፓ የሚባሉትን ነፍሳት መለየት ነው፤ አካላቸው አረንጓዴ፣ ክንፋቸው እንደ መረብ፣ ዓይናቸው ወርቅ የሚመስለውን። እያንዳንዱ ዝርያ ከየት እስከ የት እንደሚኖር በካርታ ላይ አሰፍራለሁ። ባለፈው ወር ከሜክሲኮ በውሰት አንድ ሣጥን መጣልን። ውስጡ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን የወረቀት ጥቅል ነበር። በአንዱም ላይ ጽሑፍ የለም፤ ሁሉም ግን በቀለም ክር ታስረዋል። በክዳኑ ላይ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ጽሕፈት "ሰማያዊ፣ የጭልፊት ገደል። ቀይ፣ የጨው ገደል" እያለ ሰባት ቀለም ይቆጥራል። ከሥሩ "ሁሉንም የሰበሰበችው ኤውፍሮሲና፣ ሳን ባርቶሎ" ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እናቴ ስለ እርስዎ ብዙ አልነገረችኝም። አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፤ "አክስትሽ ተራራ ለተራራ መሄድ የምትወድ ሴት ናት" ትለኝ ነበር።

እባክዎ እንዴት እንደሰበሰቧቸው፣ ስለ ገደሎቹም የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ኔሊዳ


ሳን ባርቶሎ፣ ሜይ 20 ቀን 1996

ለኔሊዳ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ላንቺም ጤና ይስጥሽ። አውቶቡሱ ደብዳቤ የሚያወጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ ያውም መንገዱ ካልተናደ። ያንቺ ከአምስት ሐሙስ በኋላ ደረሰ። እኔ ደግሞ ለማንበብ አንድ ሳምንት፣ ለመናደድ ሁለት ሳምንት፣ መልሱን ለመጻፍ የቀረውን ፈጀሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ በሰው አፍ ነው የተነበበልኝ። ከእናትሽ የመጡት ሁለት ናቸው። ሁለቱንም ያነበበልኝ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነበር፤ እያነበበ ያዝንልኝ ነበር። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም።

በሣጥኑ ክዳን ላይ የጻፉት ዶን ሂላሪዮን የመጡት በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስምንት ነው። መነጽራቸው ወፍራም፣ ጫማቸው የከተማ ጫማ። ነፍሳት የሚሰበስብላቸው ሰው ፈለጉ።

"መጻፍ ትችያለሽ?" አሉኝ።

"አልችልም።"

"ቀለምስ ትለያለሽ?"

"ዕውር እመስላለሁ?"

ሳቁና ከሻንጣቸው ሰባት የክር ጥቅል አወጡ። ለእያንዳንዱ ገደል አንድ ቀለም ሰጡኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ ማድረግ፣ የሚወርደውን በመረብ መቀበል፣ መድኃኒት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ መጨመር፣ ሲሞት ክንፉን ሳይጫኑ በወረቀት መጠቅለል፣ በክሩ ማሰር። እኛ ወርቅ ዓይን ነው የምንላቸው። ሲያዩአቸው ንግሥት ይመስላሉ፤ ሲይዟቸው ግን እንደ ተበላሸ ቦሎቄ ይሸታሉ። እንደዚህ ያለ ሰውም አውቃለሁ።

ዶን ሂላሪዮን በየሦስት ወሩ ሲመጡ ጥቅሎቹን ይወስዱና ለእናቴ የልብ መድኃኒት ያመጡልኛል። ውላችን ይህ ነበር። እናቴ ስል አያትሽን ናቲቪዳድን ማለቴ ነው፤ ስሟን ነግራሽ ከሆነ።

ስለ ገደሎቹ ሌላ ጊዜ። ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል።

የእናትሽን ነፍስ ይማር። ወረቀቱ ቦታ ስለተረፈው ነው የጻፍኩት።

ኤውፍሮሲና


ኩሪቲባ፣ ጁን 30 ቀን 1996

ለውድ አክስቴ፣

ጉልበትዎን ሽሮልዎት፣ በደህና ቀን ይህን ያንብቡልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አያቴን ያነሱበትን ቦታ ደግሞ ከዚያ በላይ።

አሁን ታላቁን ነገር ልንገርዎ። ጥቅሎችዎን ሁሉ ፈትቼ ጨረስኩ። ዝርያን ከዝርያ የምንለየው በጥቃቅን ነገር ነው፤ በራሳቸው ላይ ባለ ነጥብ፣ በክንፋቸው ጅማት፣ በወንዱ የሆድ ጫፍ ቅርጽ። ከእናት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚሄድ ምልክት መሆን አለበት፤ ሌላው ሁሉ የአየርና የምግብ ጉዳይ ነው። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ዘጠኝ ዝርያ አገኘሁ፤ ስምንቱ የታወቁ ናቸው። ዘጠነኛውን ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ከዓይኑ ሥር እንደ ጭረት ያለ ቀጭን ቀይ መስመር አለው። ሠላሳ አንድ ናቸው፤ በሰባቱም ቀለም ውስጥ ይገኛሉ። በአገሩ ሁሉ የተሰራጨ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ማንም አላየውም። በእርስዎ ስም ልሰይመው እፈልጋለሁ።

ካርታውን ለመሥራት የእያንዳንዱ ገደል ርቀት ያስፈልገኛል። ዶን ሂላሪዮን ከስሙ በቀር አልጻፉም፤ በካርታ ላይ በአንድ ስም የሚጠራ ገደል ሁለትና ሦስት ነው። ከቤትዎ በእግር ስንት ሰዓት እንደነበር ቢጽፉልኝ ከዚያ ተነስቼ ቦታውን አገኘዋለሁ። ደግሞ አንድ የገረመኝ ነገር አለ፤ ቀይ መስመር ባላቸው ጥቅሎች ሁሉ ውስጥ፣ በየትኛውም ቀለም ይታሰር፣ ያው ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠል ግራጫ የዛፍ ጢም ብጣሽ አለ። ሰባቱም ገደሎች አንድ ዓይነት ዛፍ አላቸው ማለት ነው?

እዚህ ያለሁት በጊዜያዊነት ነው። ቋሚ ቦታ ይሰጣት አይሰጣት የሚለው በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ላይ ይወሰናል። በእጄ ያለው የራሴ የሆነ ሥራ ይህ ካርታ ብቻ ነው። እናቴ "አብረን እንሂድ ብያት ተራራውን መረጠች" ትል ነበር። ስለ መረጡት አመሰግንዎታለሁ።

ኔሊዳዎ


ሳን ባርቶሎ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1996

ለኔሊዳ፣

የዚህ አገር ዝናብ አባርቷል፤ የዚያ አገር ፀሐይ አይጉዳሽ። የዘገየሁት ታምሜ ነው። ታምሜ ነው ካልኩሽ ታምሜ ነው።

ደብዳቤሽን ለጎረቤቴ ለቾሌ አነበብኩላት። በሕይወቴ ለሰው ደብዳቤ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። "በስሟ ልሰይመው" የሚለው ላይ ስደርስ ቾሌ እጇን ከሊጡ አወጣች።

"ኤውፍሮሲና የሚባል ትል?"

"ትል አይደለም፤ ክንፍ አለው።"

"እንግዲያው ቶሎ ይብረር፤ ባለቤቲቱ እንደሆነች ጉልበት የላት።"

ቀኑን ሙሉ ሳቀችብኝ። በማግሥቱ ግን ወፍጮ ቤት ስገባ ሴቶቹ ሁሉ ወረፋቸውን ለቀቁልኝ። ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ የለቀቀልኝ ሰው አልነበረም።

ሰዓቱን የጠየቅሽኝን እነሆ። የጭልፊት ገደል አምስት ሰዓት፣ ዳገት ነው። የጨው ገደል ሙሉ ቀን ነው፤ ወንዙ ከሞላ እዚያው ማደር ነው። የድንጋይ ድልድዩ ሰባት ሰዓት። ሌሎቹን ከጀርባ ጽፌልሻለሁ። ነጭ ክሩ ከቤቴ ጀርባ ያለው ሸለቆ ነው፤ እሱ ሰዓት የለውም፤ ከበሩ ወጥቶ እስኪደረስ ሳል እንኳ አይጨረስም።

የዛፉን ጢም እኛ የሽማግሌ ጢም እንለዋለን። በየትም አለ፤ ሽማግሌ በየትም እንዳለ።

ስለ ምርጫ ከእናትሽ የሰማሽውን ወደፊት አትጻፊልኝ።

ኤውፍሮሲና


ኩሪቲባ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፣

ዓመቱ በበረከት ይግባልዎ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሥራዬ የታተመበትን መጽሐፍ ልኬያለሁ፤ ገጽ አርባ አራትን ይክፈቱ። ያ ካርታ የእርስዎ ነው። ሰባቱ ቀይ ነጥቦች እግርዎ የረገጣቸው ቦታዎች ናቸው። ሰዓቱን ባይጽፉልኝ ኖሮ ነጥቦቹን ለማስቀመጥ አልደፍርም ነበር፤ ይህንንም በመቅድሙ ላይ አመስግኜ ጽፌዋለሁ። ስሙም ታትሟል፤ ከእንግዲህ ነፍሳቱ በዓለም ሁሉ በስምዎ ይጠራል።

አንዱን ቅጂ ለእናንተ ክፍለ አገር የደን መሥሪያ ቤት ልኬያለሁ፤ የግድ ነው። ሌላው ደግሞ ለቋሚው ቦታ በዲሴምበር ከሚጠይቁኝ ሰዎች እጅ ገብቷል። እስካሁን ደስ ብሏቸዋል።

ቢቻልዎ ከጭልፊት ገደል በቅርብ የተያዘ አንድ ጥቅል ይላኩልኝ። ያረጀውን ከአዲሱ ማስተያየት እፈልጋለሁ።

ኔሊዳዎ


ሳን ባርቶሎ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1997

ለኔሊዳ፣

እግዜር ሥራሽን ይባርክልሽ። መጽሐፉ ደርሷል። ገጽ አርባ አራትን ከፍቼ በጣቴ ነካሁት።

ጥቅሉን አልላክሁም፤ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ከቤቴ ጀርባ ያለውን ሸለቆ ነግሬሽ ነበር። ከአጥሬ በኋላ መሬቱ የፖንሲያኖ ነው። የቡና ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የኦክ ዛፎቹን ሁሉ ቆርጦ ሣር አብቅሎ ከብት ሊያሰማራበት አስቧል። ባለፈው ሳምንት የደን መሥሪያ ቤቱን ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ላቡን እየጠረገ ከሰላምታ በፊት ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት።

"ዶኛ ኤውፍሮሲና" አለ ፖንሲያኖ፣ "እንኳን ደስ አለሽ፤ ስምሽ ቢሮ ገብቷል። እኔ ሃምሳ ዓመት ተመላልሼ በሩን አላለፍኩም።"

"ከብቶችህን ይዘህ እየሄድክ ይሆናላ።"

ወጣቱ ያንቺን መጽሐፍ ከቦርሳው አወጣ። ያችኑ ገጽ። "እማማ፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነፍሳት ቢኖር ኖሮ ፈቃዱን እንከለክል ነበር" አለኝ። "ግን ይመልከቱ፣ በሰባት ገደል ይኖራል። ስድስቱ ጥብቅ ደን ውስጥ ናቸው። አንዱ ቢጎድል አይጎዳውም።"

"ሰባት ነው ያለው ማነው?" አልኩት።

"እርስዎ ነዎት እኮ፣ እማማ።"

ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ይጀምራሉ። እባክሽ ለዚያ መሥሪያ ቤት ጻፊላቸው። የሚኖረው እዚህ ሸለቆ ብቻ ነው በያቸው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ኤውፍሮሲና


ኩሪቲባ፣ ጁን 9 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዲጠበቅ ምኞቴ ነው። ደብዳቤዎ ከባድ ሆኖብኝ ሰነበተ። ሸለቆውን እንደሚወዱት ይገባኛል። ነገር ግን የጠየቁኝን ማድረግ አልችልም። ነጥብ በካርታ ላይ የሚቀመጠው በማስረጃ ነው፤ የሚነቀለውም በማስረጃ ነው። ለሰው ብዬ፣ ለሥጋ ዘመዴም ቢሆን፣ ስድስት ነጥብ ብሰርዝ የቀረው ሥራዬ ሁሉ ዋጋ ያጣል። እርስዎ ራስዎ በገዛ እጅዎ የጻፉልኝን ሰዓት እንዴት እክዳለሁ?

ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንዳንጻጻፍ እለምንዎታለሁ። ዲሴምበር ቀርቧል።

ኔሊዳ


ሳን ባርቶሎ፣ ጁላይ 31 ቀን 1997

ለኔሊዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ሥራ ፈትተሽ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው። እኔ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

እናትሽ ከዚህ ቤት የወጣችው በስድሳ ሰባት፣ በፋሲካ ማግሥት ነው። እናታችን ናቲቪዳድ ግማሽ ጎኗ ሽባ ከሆነ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ኦብዱሊያ የሽሮ ቀለም ቀሚሷን ለብሳ "ለሦስት ወር ነው" አለች። "ከተማ ልብስ ሰፍቼ፣ ሐኪም አግኝቼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ተራው ያንቺ ነው፤ ትሄጃለሽ።" አብረን እንሂድ አላለችኝም። እንዴት ትለኛለች? ሁለታችንም ብንሄድ አሮጊቷን ማን ያገላብጣት ነበር? ከዚያ በኋላ አንዱ ሰው በኦሪሳባ አየኋት ይላል፣ ሌላው በፑዌብላ፣ ሌላው ወደብ ላይ። ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ሰባት ከተማ ነው። አንዱም እውነት አልነበረም።

እናቴን ብቻዋን ትቼ መውጣት የምችለው ቦሎቄ እስኪበስል ድረስ ነበር። ድስቱን እሳት ላይ እጥዳለሁ፣ መረቡን ይዤ በጓሮ በር እወጣለሁ፣ ውኃው ሳያልቅ እመለሳለሁ። ካረፈድኩ ድስቱ ያራል፤ እሷም ትንፋሿ እያጠረ ስሜን ትጠራለች። የእኔ አገር ስፋቱ አንድ ድስት ቦሎቄ ነበር።

ዶን ሂላሪዮን ይህን አያውቁም። "ሰባቱም ክር ካልመጣልኝ ሥራውን ለበቅሎ ነጂዎቹ እሰጣለሁ" አሉኝ። ሥራው ከሄደ መድኃኒቱ ሄደ። ስለዚህ ሁሉንም ከቤቴ ጀርባ ካሉት ኦኮች ላይ ያዝኳቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሰባት ቦታ ከፈልኳቸው፤ ለዚህ ሰማያዊ፣ ለዚህ ቀይ፣ ለዚህ ቢጫ። የምናፍቀውን ገደል አብዝቼ አስርለት ነበር። የጭልፊት ገደል ብዙ የሆነው ለዚያ ነው። ፏፏቴ አለው ሲሉ እሰማ ነበር።

ገጽ አርባ አራት ላይ ያሉት እግሬ የረገጣቸው ቦታዎች አይደሉም፤ እግሬ ያልረገጣቸው ናቸው። የጻፍኩልሽን ሰዓት ከበቅሎ ነጂዎች ነው የሰማሁት። ድሮ የዋሸሁት በክር ነበር፤ ፊደል ከተማርኩ በኋላ ደግሞ በፊደል ዋሸሁ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስለለቀቁልኝ ነው። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። ያ የሽማግሌ ጢም ነግሮሽ ነበር፤ አንቺም ሰምተሽው ነበር፤ አላመንሽውም።

ማስረጃ አልሽ። እሺ። ደብዳቤሽ ከመድረሱም በፊት ጀምሬው ነበር። ከሜይ ጀምሮ ቾሌንና በቅሎዋን ይዤ ስድስቱንም ገደሎች ሄድኩባቸው፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ማለት ነው። የጨው ገደል ላይ ወንዙ ሞልቶ እንዳልኩሽ አደርን።

"በዚህ ዕድሜሽ ለትል ብለሽ ልትሞቺ ነው" አለችኝ ቾሌ፣ ጫማዋን እየጨመቀች።

"ለትል አይደለም፤ ለውሸት ነው።"

"ለውሸትማ ከሆነ ባሌም ሊሞት ይገባው ነበር፤ እሱ ግን ይኸው ይበላል።"

የጭልፊት ገደል ፏፏቴ የለውም። የውኃ ጠብታ ነው፣ አጋዘን የሚጠጣው።

ከዚህ ጋር አንድ መቶ አርባ ሦስት ጥቅል ልኬልሻለሁ፤ በትክክለኛው ክር የታሰረ። ከዓይኑ ሥር ቀይ መስመር ያለው አንድም የለም። ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ እይው። መልስሽ ከኦክቶበር በፊት ቢደርስ ዛፎቹ ይተርፋሉ። ለአንቺ ምን እንደሚያስከፍልሽ አውቃለሁ። አውቄ ነው የምጠይቅሽ።

ኤውፍሮሲና


ሳን ባርቶሎ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1997

ለኔሊዳ፣

በሕይወት ካለሽ ሰላም ይድረስሽ።

መልስ አልመጣም። ኦክቶበር ሃያ ሰባት ጀመሩ። መጋዙ ከጠዋት እስከ ምሳ ይጮኻል፤ ለምሳ ሲያቆሙ ጆሮዬ ውስጥ ይቀጥላል። ዛፍ በወደቀ ቁጥር ወርቅ ዓይኖቹ እንደ ገለባ ብን ይላሉ፤ ግቢዬ ገብተው ልብስ ማስጫው ላይ ያርፋሉ። ፖንሲያኖ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ "ዘመዶችሽ እንግድነት መጡብሽ" አለኝ። እሱ ያየው መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ የእኔ ነው።

ትናንት የሙታን ቀን ነበር። ለእናቴ የምትወደውን የበቆሎ ሊጥ በቅጠል ጠቅልዬ ታማል ሠርቼ፣ ቢጫ አበባዋን አድርጌ አስቀመጥኩላት። ለእናትሽም አንድ ታማል አኖርኩላት፤ ጨው የሌለው።

ኤውፍሮሲና


ኩሪቲባ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1997

ለአክስቴ ለዶኛ ኤውፍሮሲና፣

ሰላምታ ለማቅረብ አፌ ያዘኝ፤ ግን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ?

ሣጥኑ ሴፕቴምበር ሁለት ቀን ደረሰኝ። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አንድ መቶ አርባ ሦስቱንም አየኋቸው። ትክክል ነዎት። አንድም የለም።

ከዚያ መልሼ አሰርኳቸው፣ በየቀለማቸው። ደብዳቤውን ጨምሬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁና ቆለፍኩ። የምጠየቅበት ቀን ዲሴምበር ሁለት ነበር። ሦስት ወር ነው አልኩ። ለሦስት ወር ደን የትም አይሄድም አልኩ። ቦታውን ካገኘሁ በኋላ ቃሌ የበለጠ ይሰማል፣ ያኔ ለእርስዎም ለዛፎቹም እጠቅማለሁ አልኩ። በየቀኑ የምለው አላጣሁም። የኖቬምበሩ ደብዳቤዎ ከመጠየቄ በፊት በነበረው ቀን ደርሶ ነበር፤ ሳልከፍተው አደርኩ፤ ተጠይቄም ስመለስ ከፈትኩት።

ቦታውን አግኝቻለሁ። ትናንት ለደን መሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ልኬ፣ ማረሚያውን ለኅትመት አስገብቻለሁ። በፌብሩዋሪ ይወጣል፤ ስድስቱ ነጥቦች ይሰረዛሉ። ስሙ ግን አይሰረዝም። አንዴ የታተመ ስም፣ ሰጪው እንኳ ቢጸጸት፣ ሊነሳ አይችልም፤ የሙያው ሕግ ነው።

ይቅርታ ልለምን ፈልጌ ቃሉን ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

ኔሊዳ


ሳን ባርቶሎ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1998

ለኔሊዳ፣

ጤና ይስጥሽ። ለቦታሽም እንኳን ደስ አለሽ፤ የሚባል ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

ማረሚያሽ ደርሶኛል። ካርታው ላይ አሁን ያለው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና ነጥቡ ላይ ቆምኩ። የፖንሲያኖ ጊደሮች ነበሩበት። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ያ ትሑት ወጣትም ቴሌግራምሽ ደርሶት ጃንዋሪ ላይ መጥቶ ነበር። ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ዘጠና ሁለት ናቸው።

"ቀደም ብሎ ደርሶን ቢሆን፣ እማማ" አለኝ።

"ምን ያህል ቀደም ብሎ?"

"ኖቬምበር ላይ እንኳ ቢሆን ግማሹ ይተርፍ ነበር። ሴፕቴምበርማ ቢሆን ጨርሶ አይነካም።"

ስለ መሳቢያሽ አልነገርኩትም። ቡና ሳይሆን አቶሌ፣ የበቆሎ አጥሚት፣ አሙቄ ሰጠሁትና ጠጥቶ ሄደ።

ሠፈርተኛው ሁሉ እውነቱን አውቋል። ቾሌ ምላሷ አይቻልም፤ እኔም ዝም በይ አላልኳትም። ወፍጮ ቤት እንደ ድሮዬ ወረፋዬን እጠብቃለሁ። ስሙ አይሰረዝም ያልሽው ያስቀኛል፤ በሕይወቴ አንድ ነገር አልሰረዝ አለኝ፣ እሱም በውሸት የተገኘው።

ፊት በጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ ዝርያን የሚለየው ከእናት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚሄድ ምልክት ነው ብለሽኝ ነበር። ፈልጌ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። እኔም አጉሊ መነጽር ሳልይዝ አንቺን ለየሁሽ። እናትሽ እናቷን ለሦስት ወር ብላ ትታ ወጣች። አንቺ ደግሞ እኔን ለሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሽኝ። ሁለታችሁም ስትመለሱ ደግ ነገር ልታደርጉ ነበር፤ ይህንን አልጠራጠርም፤ ከሁሉ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ምልክቱ እኔ ላይ የጎደለ እንዳይመስልሽ። ያ ወጣት ሰባቱን ነጥብ ሲያሳየኝ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። በሬን ዘጋሁ። ሦስታችንም አንድ ጥቅል ውስጥ የምንገባ ነን። ክሩን አንቺ ምረጪ።

የወርቅ ዓይን ግልገል አይተሽ ታውቂ እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺ የምታይው የሞተውን ነው። የበላቸውን ቅርፊት ሁሉ ጀርባው ላይ ቆልሎ ይዞ ይዞራል። ሰው ሲያየው የሚንቀሳቀስ ቆሻሻ ይመስለዋል። እኔ እናቴን፣ እናትሽን፣ እነዚያን ሰባት ክሮች ተሸክሜ ሠላሳ ዓመት ዞርኩ። አሁን ዘጠና ሁለት ጉቶ ተጨምሮበታል።

አጥሬ ውስጥ ሁለት ኦኮች ቀርተዋል። ፖንሲያኖ ሊነካቸው አይችልም፤ የእኔ ናቸው። ባለፈው እሑድ አንዱን ቅጠል ገልብጬ አየሁ፤ ዘጠኝ እንቁላል፣ እያንዳንዱ እንደ ፀጉር በቀጠነ ዘንግ ጫፍ ላይ ቆሟል። ትናንት ደግሞ እናቴ ትተኛበት የነበረው ክፍል በር ላይ አንድ ትልቅ ወርቅ ዓይን አርፎ አገኘሁ። መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁት። ከዓይኑ ሥር ቀይ መስመር አለው። መረቡ እጄ አጠገብ ነበር፤ አልያዝኩትም።

ከእንግዲህ ጥቅል አልልክልሽም። ልታይው ከፈለግሽ ነይ። ከአውቶቡሱ ከወረድሽ በኋላ ያለው በእግር ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ይህን በእግሬ አውቀዋለሁ።

ሦስት ወር እጠብቅሻለሁ።

አክስትሽ ኤውፍሮሲና